ጋሽ በርጋ ያሰመሩበት መስመር

ጋሽ በርጋ መሞታቸው የተነገረኝ ክፍል ውስጥ ስለ ፈቃድ ሳስተምር ነው። «በጥናት የሚሳተፍ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላል» የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። የማላውቀው ቁጥር ነው። ወጥቼ አነሣሁት።

«ከወልቂጤ ነው የምደውለው። አቶ በርጋ የሚባሉ አናጢ ያውቃሉ? ትናንት ዐርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ አንድ የወጣት ድምፅ።

«ስልኬን ማን ሰጠህ?»

«ማንም አልሰጠኝም። ሱቃቸው በር ላይ በእርሳስ የተጻፉትን ቁጥሮች ሁሉ እየደወልኩ ነው። ስም የለውም እኮ፣ ቁጥር ብቻ ነው።»

ስም ያልነበረው ጋሽ በርጋ ፊደል ስላልቆጠሩ ነው። ቁጥር ግን ያውቁ ነበር፤ የማን ስልክ እንደሆነ በተጻፈበት ቦታ ያስታውሱታል። የእኔ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ከላይ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላም አለመፋቁ ገረመኝ። ተመልሼ ገባሁና ሰሌዳውን አጠፋሁት። ተማሪዎቼ ገልብጠው ስላልጨረሱ አጉረመረሙ። «ሌላ ቀን እጽፍላችኋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። «መልካም ሰው ነበሩ» ብሎ መጀመር ቀላል ነው፤ ለሞተ ሰው ሁሉ ይባላል። መልካም ሰውም ነበሩ። እኔ ግን የማልረሳቸው ባደረግሁባቸው ነገር ነው።

የተዋወቅነው ሳይኮሎጂ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ፣ ሥራ ፍለጋ ወልቂጤ ስኖር ነው። ግቢያቸው ውስጥ ከኋላ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከፊት በመንገዱ በኩል የእንጨት ሥራ ቤታቸው አለ፤ ከመካከል እሳቸውና ልጃቸው ወይንሸት የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ሚስታቸው ቀደም ብላ ሞታለች። ወይንሸት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አባቷን «አንተ» ትላቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ ቅንድባቸው ላይ የተኛውን ሰጋቱራ በመሐረብ ትጠርግላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ላይ የሰኳትን እርሳስ እንዳትጥልባቸው በእጃቸው ይዘው ዝም ብለው ይጠረጋሉ።

እንጨት ሲገዙ አብሬያቸው ሄጄ አውቃለሁ። ነጋዴው ጣውላውን እያሞገሰ ሲለፈልፍ አይሰሙትም። ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ድምፅ የሰጣቸውን ይወስዳሉ፤ ያልሰጣቸውን ይተዋሉ። አንድ ቀን ምኑን እንደሚያዳምጡ ብጠይቃቸው፣ «‹ዝም አይነቅዝም› የሚል ሰው እንጨት አያውቅም። እንጨት ስትጠይቀው ዝም ካለህ ውስጡ ተበልቷል» አሉኝ። ደስ አለችኝና ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። ያኔ ደስ የሚለኝን አባባል ሁሉ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ።

ለመስቀል አገራችን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ከአዲስ አበባውም ከጅማውም ሁሉም ተጠራርቶ በየመንደሩ ይገባል፤ ሚኒባስ ላይ ቦታ አይገኝም። ጉራጌ ሆኖ ለመስቀል አገሩ የማይገባ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል። ጋሽ በርጋ ግን መላጊያቸውን እየሳሉ ወልቂጤ ይውላሉ። በዚያ ዓመት እኔ ቸሃ እናቴ ጋ ደርሼ ቶሎ ብመለስ እሳቸውና ወይንሸት ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወይንሸት ቆጮና ጎመን በጣባ አቀረበችልን። ጣባ ያቺ ክትፎ የሚቀርብባት የሸክላ ሳህን ናት።

«ጋሼ፣ አንቱ አገር የለዎትም እንዴ?» አልኳቸው። መቀለዴ ነበር።

«አለኝ እንጂ። እንዳንተው ቸሃ ነው። ግን የት ልግባ?» አሉና ጣባዋን በጣታቸው መታ አደረጓት። «ይህችን የምትሠራው እናቴ ነበረች። አባቴ የቤት ምሰሶ አቋሚ ነበር። እሱ ያላቆመው ምሰሶ ምሰሶ አይባልም። ከቆመ በኋላ ግን ወደ ውስጥ መግባት የለም፤ ደጅ ቁጭ እንላለን፣ ምግቡን በኮባ ቅጠል ይሰጡናል። ቅጠል ይጣላላ። ሳህን ቢሆን ማን መልሶ ይበላበታል?»

መንደሩ እነዚህን እንጨትና ሸክላ ሠሪዎች የሚጠራበት ስም አለው። እዚህ አልጽፈውም፤ ለዕድሜዬ የሚበቃውን ያህል ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። እናቴ ቤት ለእነሱ ብቻ የምትሆን ቅል ከውጭ አጥሩ ላይ ተሰቅላ ትኖር ነበር። ልጅ ሆኜ በሷ ውሃ ጠጥቼ እናቴ አፌን ደጋግማ አጥባኛለች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። እሷንም እናቷ እንዲሁ አጥባታለች።

ጋሽ በርጋ ይህን ሲነግሩኝ የጠቀለልኩትን ቆጮ በእጄ ይዤ ነበር። ቆየሁ። ከዚያ ጎረስኩት። አላዩኝም ብዬ ተጽናናሁ።

ከመንደራቸው የወጡት በልጅነታቸው ነው። አዲስ አበባ አናጢነት ተምረው ወልቂጤ ገቡ። «ከተማ ስገባ አናጢ ሆንኩ። አናጢ የማንም ልጅ መሆን ይችላል» ይሉ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ውስጥ ከሁሉም ጋር ተደባልቀው ይቀመጣሉ፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከወይንሸትና ከእኔ በቀር ወልቂጤ ውስጥ ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም። ለእኔ የነገሩኝ ስላመኑኝ ነው።

ከዚያ ሥራ አገኘሁ። አንድ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለ ጭፍን ጥላቻ የሚያጠና ፕሮጀክት ከፈተና እኔን ረዳት አድርጎ ቀጠረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ረጋ ያለ ነው፤ «እባክህ» ሳይል ብርጭቆ እንኳ አቀብለኝ አይልም። አንድም ቀን ጮኾብኝ አያውቅም። ቢጮኽብኝ ኖሮ እምቢ እለው ነበር እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቡታጅራ አንድ አዳራሽ ተከራየን። ሰዎች «የቃላት ትውስታ ጥናት» ተብለው ይጠራሉ። የተጠራው ሰው ሲመጣ እንደሱ የተጠራ የሚመስል ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል፤ ያ ሰው ግን የእኛ ነው። ጥቂት ቃል ያጠናሉ፣ ከዚያ ለሁለቱ በአንድ ጣባ ምሳ ይቀርባል። ቆጮና ጎመን ብቻ ነው፤ እስላም ክርስቲያን አያሰኝም፣ ጾም አያሽርም። መብላት እንደጀመሩ እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ እገባና ከወረቀት ላይ አነባለሁ፤ «አብረውዎት የሚበሉት ሰው የእነ እገሌ ወገን ናቸው» እላለሁ። እጁን ከሰበሰበ ሁለተኛውን አነባለሁ፤ «ጥናቱ እንዲሟላ መቀጠል አለብዎት።» ሰው ጋዋን ለለበሰ ሲል ንቀቱን ይውጥ እንደሆነ ነበር ዶክተሩ ማወቅ የፈለገው። መልሶ እስኪጎርስ ድረስ እኔ በስልኬ ሰኮንድ እቆጥራለሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ አንዱ «ታዘዘ»፣ ሌላው «አልታዘዘም»።

አብሮ የሚበላው ሰው ግን እውነተኛ መሆን ነበረበት። «ካስመሰለ ፊቱ ያጋልጠዋል» አለ ዶክተሩ። «ከዚያ ወገን የሆነ፣ አለባበሱና አነጋገሩ የከተማ የሆነ ሰው ከየት እናገኛለን?»

«አንድ ሰው አውቃለሁ» አልኩት።

እጄን የጠመዘዘኝ አልነበረም። ለሁለተኛ ዲግሪ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ እፈልግ ነበር፤ ፊቱ ጎበዝ ለመምሰል የሰው ምስጢር አወጣሁ።

ጋሽ በርጋን ሳማክራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን ይጠቅማል?» ብለው ነው። ዶክተሩ የነገረኝን ደገምኩላቸው፤ ይጻፋል፣ ትምህርት ቤት ይማሩታል፣ ሰው ራሱን ያይበታል አልኳቸው። ወይንሸት ያኔ ታጭታ ነበር። ልጁ የአገና ሰው ነው፣ ወልቂጤ ያስተምራል፣ የጸሎት ቤታቸውም ሰው ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ጋሽ በርጋ የአባታቸውን ስም ጠርተው የአባታቸውን ሥራ ዘለሉት። ያቺ የዘለሏት ነገር ትከነክናቸው ነበር።

«ልጄ አያቷን ደብቃ ከምትኖር ይኼ ነገር ተጠንቶ ቢያልቅለት ይሻላል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «የሚያውቀኝ ሰው ቢመጣስ?» አሉኝ።

«ቡታጅራ ማን ያውቅዎታል ጋሼ?»

ዋሸኋቸው። ዶክተሩ ወልቂጤንና ቡታጅራን የሚያውቃቸው በካርታ ነው፤ ለሱ ሁለት ከተማ፣ ሁለት የማይተዋወቅ ሕዝብ ናቸው። እኔ ግን የጉራጌ ልጅ ነኝ። ሁለት ጉራጌ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «የየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» እንደሚባባል፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ወይ ዘመድ ወይ የዘመድ አማች እንደሚገኝ አውቃለሁ። የአገና ሰው ቡታጅራ ሱቅ ከፍቶ እንደሚኖርም አውቃለሁ። ለዶክተሩ ይህን መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ዶክተሩ ንጉሥ አልነበረም፣ ያነገሥኩት እኔ ነኝ።

የፈቃድ ወረቀቱን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የሚለው ላይ ስደርስ «ጥሩ ነው» አሉ። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ አንዱን ቅጂ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ቡታጅራ አብረን እንሄዳለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዳራሹ ከመግባታቸው በፊት «ጎመን በጤና» ብለው ይስቁ ነበር። አንዷ ወጣት ያንን ወረቀት ሳነብ አፏን ይዛ ወደ ቧንቧው ሮጠች። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ «እኔ በእንደዚህ ዓይነት ኋላ ቀር ነገር አላምንም» ብሎ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገልን፤ እጁ ግን ከጠረጴዛው ሥር ነበር፣ እስኪሄድም ከዚያ አልወጣም። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ኮሶ የዋጡም ነበሩ። እነሱን «ታዘዘ» ብዬ ጻፍኳቸው።

አንድ ቀን አንድ በርበሬ ነጋዴ መጣ። መስቃን አካባቢ እርሻ ያለው፣ ጠና ያለ ሰውዬ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ሳነብለት ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰው ነው ያልከኝ አይደል?»

«አዎ፣ ግን የ…»

«በቃ። ቢስሚላህ ብዬ የጀመርኩትን ምን ያስተወኛል? ወይ ቁጭ በልና ብላ፣ ወይ በሩን ዝጋልን፣ ብርድ አስገባህብን» አለና ጣባውን ወደ ጋሽ በርጋ ገፋ አደረገላቸው።

በሩን ዘጋሁላቸው። እየበሉ ስለ በርበሬ መድረቅ ሲያወሩ ከውጭ ይሰማኝ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ በርጋ፣ «ያ ሰውዬ ምን ተብሎ ተጻፈ?» አሉኝ።

«ታዘዘ።»

«ማንን?»

«ሌላ ዓምድ የለውም ጋሼ፤ መብላት ከቀጠለ ታዘዘ ነው የሚባለው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ወረቀቱን የሠራው ሰው እንዲህ ያለ ሰው አለ ብሎ አላሰበም» አሉ። ጥቂት መንገድ ሄደን ደግሞ ሳቅ ብለው፣ «ለመሆኑ በዚያ መስቀል አንተ ስንት ሰኮንድ ቆየህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ፊቴ ነደደ። «አይተውኝ ነበር?»

«አይቼሃለሁ እንጂ። ግን ጎረስክ። ማንም ሳያዝህ ጎረስክ» አሉና ጉልበቴን ቸብ አደረጉኝ።

ሁለት ሳምንት ሲሆነን ግን ሳቃቸው ጠፋ። በየቀኑ ከፊትህ እጅ ሲሰበሰብ ማየት ምን እንደሚያደርግ ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቤት ሲገቡ እጃቸውን ደጋግመው ይታጠባሉ። ወይንሸት እራት ስታቀርብ «ቀድመሽ ብዪ፣ እኔ ኋላ እበላለሁ» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ያዘችኝ።

«አባቴን ምን እያደረጋችሁት ነው?»

«ጥናት ነው። ዝርዝሩ ምስጢር ነው» አልኳት። ምስጢር ስለ መጠበቅ እሷን ማስተማሬ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የጨርቅ ሱቅ ያላት አንዲት ሴትዮ ተጠርታ መጣች። ከበሩ ስትገባ ጋሽ በርጋን አየችና እጇን ዘርግታ «ውይ! የወይንሸት አባት! አማታችን!» እያለች ጉንጫቸውን አገላብጣ ሳመቻቸው። የልጁ አክስት ናት። በመተጫጨታቸው ጊዜ ወልቂጤ መጥታ ቤታቸው ገብታለች፤ የዘመድ ወግ አውግታለች። አሁንም እንደተቀመጠች ስለ ሠርጉ ትጠይቃቸው ጀመር።

ጋሽ በርጋ «አንድ ጊዜ» ብለዋት ወደ እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የልጁ አክስት ናት። ይብቃኝ። ወይ እሷን መልሱልኝ ወይ እኔ ልሂድ።»

«ቆዩኝ» ብዬ ዶክተሩ የተቀመጠበት ክፍል ገባሁ። ተሳታፊዋ እንደምታውቃቸው፣ ልጃቸው ለሴትዮዋ የእህት ልጅ እንደታጨች ነገርኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል አዳመጠኝ።

«ስም ዝርዝሩ በዕጣ ነው የወጣው። ደስ ያላለንን እየመረጥን አናወጣም። መተዋወቃቸው ራሱ ጥሩ መረጃ ነው። ቀጥሉ፣ እባክህ» አለኝ።

ወደ ኮሪደሩ ተመለስኩ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ይሂዱ ጋሼ» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ናት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሦስት ሳምንት አፌ የለመደው ነው።

«ጥናቱ እንዲሟላ መቀጠል አለብዎት» አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዞረው ገቡና ተቀመጡ።

ለምን ጥለው እንዳልሄዱ ብዙ አስቤበታለሁ። ዕድሜያቸውን ሁሉ «ደጅ ቁሙ» ሲባሉ ሲቆሙ ስለኖሩ ነው እል ነበር። ይህ ለእኔ የሚመች መልስ ነው። አሁን ሌላ ነው የሚመስለኝ። አያነበውም ብለው ነው የገቡት። አብሮኝ የኖረ ልጅ፣ ቤቴ የበላ ልጅ፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል ብለው ነው።

ጣባው ቀረበ። ሴትዮዋ ወሬዋን ሳታቋርጥ ቆጮውን ጠቀለለች፣ ጎመኑን ጨመረችበት፣ «ለአማታችን!» ብላ ወደ አፋቸው ዘረጋች። በዚህ ጊዜ ገባሁ። አነበብኩ።

እጇ መሐል ላይ ቆመ።

«ምን አልክ አንተ ልጅ? እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት።

«እውነት ነው አቶ በርጋ?» አለቻቸው። ከአፍታ በፊት አማታችን ነበሩ።

«እውነት ነው» አሉ።

ጉርሻውን ጣባው ጠርዝ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከሥሩ በተነጠፈው ኮባ ጠረገች። እኔ ሰኮንዴን እየቆጠርኩ ሁለተኛውን አነበብኩላት።

«መቀጠል አለብዎት ትለኛለህ?» አለች ወደ እኔ ዞራ። «እናትህ ትቀጥል!» ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

እናቴም አትቀጥልም ነበር፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ቅጹን አወጣሁና «አልታዘዘም» የሚለው ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ጋሽ በርጋ ጉርሻውን ከጠርዙ ላይ አንሥተው፣ አይተው፣ መልሰው አስቀመጡት።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው አገናም ወልቂጤም ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡና ልጁ ትምህርት ሊቀጥል ስለሆነ ነገሩ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ስድብ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ልጁ ራሱ አንድ ቀን ከሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። «እናቴ እምቢ አለችኝ ጋሼ፤ ምን ላድርግ?» አለ። ይወዳት ነበር። ጋሽ በርጋ «አይዞህ ልጄ» አሉት። ታዘዘ፣ አልኩ በልቤ።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሰው እንደ ድሮው «ጌታ ይባርክዎ» እያለ ይጨብጣቸዋል፣ በሠሩት ወንበርም ላይ ይቀመጣል። ሻይ ሊጠጣ ቤታቸው የሚመጣ ግን ቀረ። አልጋ የሚያሠራም፣ ቁም ሣጥን የሚያሠራም ሌላ አናጢ አገኘ። የሬሳ ሣጥን ብቻ ቀረላቸው፤ የሞተ አይጸየፍም።

ወይንሸት አልጮኸችብኝም። ሁሉን ከሰማች በኋላ አንድ ቀን ደጄ ላይ መጥታ፣ «ቁልፉን መስኮቱ ላይ ትተህ ውጣ» አለችኝ።

ዕቃዬን ስሸክፍ ጋሽ በርጋ ያንን ወረቀት ይዘው መጡ።

«ማቋረጥ ይቻላል የሚል አለ ብለህ አንብበህልኝ ነበር። የቱ ጋ ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው፣ ጣውላ ሊቆርጡ ሲሉ እንደሚያደርጉት ጫፉን በምላሳቸው አርሰው ከሥሩ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ማስመሪያ አላስፈለጋቸውም።

«ማንበብ ብችል ኖሮ ያን ቀን እኔ አነብልህ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አንሥተውት አያውቁም። በዓመት አንዴ ስደውልላቸው «ደህና ነኝ፤ አንተስ? በላህ ጠጣህ?» ይሉኛል። ሄጄ ግን አላየኋቸውም።

ጥናቱ ታትሞ ወጣ። መጨረሻው ላይ «በተሳታፊዎች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ይላል። ዶክተሩን በስልክ አግኝቼ ስለ ጋሽ በርጋ ጠየቅሁት። «እሳቸው ተሳታፊ አይደሉም፣ የጥናቱ ረዳት ናቸው። በዚያ ክፍል አይካተቱም» አለኝ በረጋ ድምፁ። በቅጹ ከሄድን እውነቱን ነው። ምስጋናው ላይ የእኔ ስም አለ። ደብዳቤውንም ጻፈልኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ሠራሁበት፤ ይኸው ዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ከዚህ የበለጠ ስድብ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ወልቂጤ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ግቢያቸው ሄድኩ። ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው በጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጧል። ምግቡን እድርተኞች ከየቤታቸው አብስለው አምጥተዋል፣ ሳህኑም ብርጭቆውም የእድሩ ነው። ልማድ ስለሆነ ማንም ምንም ሊል አይችልም። ከቤቱ ማድጋ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ከቤቱ ጓዳ አንድ ሳህን ሳይነካ ለቅሶው ያልፋል።

ወይንሸት ጥቁር ለብሳ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። አየችኝ። ወደ ቤት ገባችና ቆይታ ወጣች፤ በእጇ ጣባ ይዛለች፤ ቆጮና ጎመን ነው። በሰዉ መካከል አልፋ መጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

እጄ አልዘረጋ አለኝ። ያን ጣባ ሳይ ያቺ የተመለሰች ጉርሻ ጠርዙ ላይ ያለች ይመስለኛል። እንዲህ እያልኩ ድንኳኑ ጸጥ ማለቱን አላስተዋልኩም ነበር። ቀና ስል ሁሉም እጄን ያያሉ። ለምን እንደቆየሁ የገባቸው መስሏቸዋል። ማን ይፈርድባቸዋል? ሰኮንድ መቁጠር የተማርኩት እኔ ነኝ፤ እየቆጠርኩ ነበር።

ወይንሸት ጎንበስ አለች። «ካልሆነልህ ተወው» አለችኝ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ማቋረጥ ትችላለህ። ወረቀቱን መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ አስምሮበታል።»

ጎረስኩ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ጣባው ባዶ እስኪሆን በላሁ። ጋሽ በርጋ ቢኖሩ ‹ምን ተብሎ ተጻፈ?› ይሉኝ ነበር፤ ያ ሁሉ ዓይን እያየኝ ስለበላሁ ማንም አላዘዘኝም ብዬ መማል አልችልም።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አፌን እስክጠርግ ጠበቁና ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ለሟቹ ምናቸው ነህ ልጄ?»

ወይንሸት ጣባውን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ነበር። እጇን ጣባው ላይ እንዳደረገች ቆመች፤ እሷም መልሴን ጠበቀች።

ዝም አልኩ። ጣባዋን ይዛ ገባች።